ለክሮሞሶም የትኛው ቀለም? ለማይክሮስኮፕ ሥራ የተዘጋጀ የንጽጽር መመሪያ

ክሮሞሶምን በማይክሮስኮፕ ለማየት ቀለም የሚመርጥ ተማሪ ወይም የላቦራቶሪ ባለሙያ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው «የትኛው ቀለም ደምቆ ይታያል?» ከሚል ጥያቄ ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢመስልም ወደ ተሳሳተ ምርጫ ይመራል፤ ምክንያቱም የታወቁት የክሮሞሶም ቀለሞች ሁሉ በአግባቡ ከተሠራባቸው ደምቀው ይታያሉ። የሚለያዩት በሚሰጡት መልስ ነው። አንዱ ክሮሞሶሞቹ ስንት እንደሆኑ ለመቁጠር ያስችላል፤ ሌላው መልካቸው ተመሳሳይ የሆኑትን አንዱን ከአንዱ ይለያል፤ ሌላው በኑክሊየስ ውስጥ ያለውን የዲኤንኤ መጠን ለመለካት ያገለግላል፤ ሌላው ደግሞ የክሮሞሶሙን አንድ ክፍል ብቻ ነጥሎ ያወጣል። ስለዚህ የቀለም ጠርሙስ ከመግዛት በፊት ስላይዱ የሚመልሰው ጥያቄ ምን እንደሆነ በጽሑፍ ማስፈር ይጠቅማል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ምርጫ ግማሹ ያለቀ ነው።

የቀለም አሠራር የሚገኘውን እውቀት ምን ያህል እንደሚወስን የፊላደልፊያ ክሮሞሶም ታሪክ በግልጽ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1960 ፒተር ኖውልና ዴቪድ ሃንገርፎርድ የተባሉ ተመራማሪዎች ሥር የሰደደ ማይሎይድ ሉኪሚያ የተባለ የደም ካንሰር በያዛቸው ሰዎች የደም ሕዋሳት ውስጥ ከተለመደው ያጠረ አንድ ትንሽ ክሮሞሶም አገኙ። በዚያን ጊዜ ክሮሞሶም ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ወጥ ቀለም ይይዝ ስለነበር ማጠሩን እንጂ የጎደለው ክፍል የት እንደገባ ማየት አልተቻለም፤ ቁራጩ ጠፍቶ የቀረ መሰለ። ከ13 ዓመት በኋላ ጃኔት ራውሊ በቺካጎ ኪናክሪን በሚባለው አብሪ ቀለምና ክሮሞሶሙን በጠቆሩና በነጡ መስመሮች በሚያሳየው የጊምሳ ባንድ አሠራር ያንኑ ጉዳይ ስትመረምር ከ22ኛው ክሮሞሶም የጎደለውን ቁራጭ 9ኛው ላይ ተቀጥሎ አገኘችው። የሕመሙ ዓይነትና ክሮሞሶሙ ያው ነበሩ፤ የተለወጠው አቀላለሙ ነው።

ወደ ቀለሞቹ ከመግባታችን በፊት መታለፍ የሌለበት አንድ ነገር አለ፦ ቀለም ክፉኛ የተዘጋጀን ስላይድ አያድንም። የተክል ሥር ጫፍ የሚያጠና ሰው ሥሩን በቅድሚያ በኮልቺሲን ወይም በ8-ሃይድሮክሲኪኖሊን ውስጥ ካላቆየው ክሮሞሶሞቹ ረዝመውና ተደራርበው ስለሚገኙ ለቆጠራ አይመቹም። ሕዋሱን ባለበት የሚያቆመው ፈሳሽ፣ ማለትም ሦስት እጅ ኢታኖልና አንድ እጅ ግላሻል አሴቲክ አሲድ የሆነው ፊክሳቲቭ፣ በሥራው ዕለት መቀላቀል አለበት፤ ሁለቱ አብረው ሲቆዩ ቀስ በቀስ ወደ ኤቲል አሴቴት ስለሚለወጡ የቆየ ድብልቅ ኃይሉን ያጣል። «ቀለሙ አልያዘም» የሚለው ቅሬታ በአመዛኙ መነሻው እዚህ ነው፤ ጠርሙሱን ከመውቀስ በፊት ፊክሳቲቩ መቼ እንደተቀላቀለ መጠየቅ ይገባል።

ለቆጠራ፦ አሴቶ ኦርሲንና አሴቶ ካርሚን

ሁለቱም ከተፈጥሮ የሚገኙ ቀለሞች ናቸው። ኦርሲን ሮቼላ ከሚባለው ወገን ከሆኑ ላይከኖች ይወጣል፤ ካርሚን ደግሞ በቁልቋል ላይ ከሚኖር ኮቺኒል ከሚባል ጥቃቅን ነፍሳት ይገኛል። ኮቺኒል ለትግራይ አንባቢ እንግዳ ስም አይደለም። በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ለቀለም ምርት ተብሎ ወደ ደቡብ ትግራይ ከገባ በኋላ ከቁጥጥር ውጪ ተስፋፍቶ የገበሬውን በለስ ያጠፋው ተባይ ይኸው ነው፤ በላቦራቶሪ መደርደሪያ ላይ ያለው ቀይ ዱቄት ከዚያ ታሪክ ጋር መገናኘቱን ማወቅ ለተማሪዎች ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ሁለቱም ቀለሞች የሚሟሙት 45 በመቶ በሆነ አሴቲክ አሲድ ውስጥ ነው። አሲዱ ቀለሙን ከመያዙ በላይ ሕዋሱን እያለሰለሰና ክሮሞሶሙን እያጸና ስለሚሄድ ማቅለምና መጨፍለቅ በአንድ ጠብታ ውስጥ ይከናወናሉ። ፍጥነታቸውም ከዚህ የመጣ ነው፤ ከሥር ጫፍ እስከ ተጠናቀቀ ስላይድ ድረስ ያለው ሥራ በአንድ የትምህርት ክፍለ ጊዜ ውስጥ ሊያልቅ ይችላል።

በሁለቱ መካከል ለመምረጥ የሚያገለግለው ዋናው መመዘኛ የሚጠናው አካል ነው። ለሥር ጫፍ ኦርሲንን እመርጣለሁ። ሳይቶፕላዝሙን ከካርሚን ይልቅ አቅልሎ ስለሚተወው ክሮሞሶሙ ከዳራው በደንብ ይለያል፤ ዘጠኝ እጅ ኦርሲን ከአንድ እጅ 1 ኖርማል (ኖርማል የአሲድ ጥንካሬ መለኪያ ነው) ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጋር ተደባልቆ በመጠኑ ሲሞቅም ሥሩን አብሮ ያለሰልሰዋል። በፍራፍሬ ዝንብ እጭ የምራቅ ዕጢ ውስጥ የሚገኙትን ግዙፍ ክሮሞሶሞች ለማየትም ኦርሲን የቆየ ስም አለው። ያልተከፈተ የአበባ እምቡጥ ውስጥ ያለውን ሜዮሲስ፣ ማለትም የዘር ሕዋሳት የሚፈጠሩበትን ክፍፍል፣ ለሚያጠና ሰው ግን ካርሚን ይሻላል፤ በተለይ ጆን ቤሊንግ እ.ኤ.አ. በ1921 እንዳሳየው ጥቂት ብረት ሲጨመርበት ቀዩ ቀለም ወደ ጥቁር ቀይ ይጠልቅና ተጣምረው የቆሙት ክሮሞሶሞች ጠርዛቸው ሳይቀር ይወጣል። ብዙ ላቦራቶሪዎች ይህን ብረት የሚሰጡት ቀለሙ ውስጥ የወንዴውን ከረጢት በዛገ መርፌ በመጨፍለቅ ነው። ብረቱ ሲበዛ ቀለሙ ስለሚረጋ መርፌው የተወሰነ ንክኪ ካደረገ በኋላ መውጣት አለበት።

የሥራው ሂደት ራሱ ቀላል ቢሆንም እጅ ይጠይቃል። የሥሩ ጫፍ ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ብቻ ተቆርጦ በቀለም ጠብታ ውስጥ ይቀመጣል፤ መሸፈኛ መስታወቱ ከተደረገበት በኋላ በእርሳስ ጫፍ ቀስ እያሉ ሲመቱት ሕዋሳቱ እንደ ደመና ይበተናሉ። ስላይዱ በአልኮል መብራት ላይ ሳይፈላ ሁለት ሦስት ጊዜ ያልፍና በማጣሪያ ወረቀት መካከል ሆኖ በአውራ ጣት ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይጫናል። መስታወቱ በዚህ ጊዜ ወደ ጎን ትንሽ እንኳ ከተንሸራተተ ሕዋሳቱ ይጠቀለላሉ፤ ክሮሞሶሞቹም አይቆጠሩም።

የእነዚህ ቀለሞች ድክመት ሁለት ነው። የመጀመሪያው ስላይዱ ጊዜያዊ መሆኑ ነው፤ ጠርዙ በጥፍር ቀለም ቢታሸግ ለተወሰኑ ቀናት ይቆያል እንጂ ለመዝገብ አይሆንም፤ ለማቆየት ስላይዱን አቀዝቅዞ መስታወቱን ማንሳትና በአልኮል አድርቆ በማጣበቂያ እንደገና መክደን ያስፈልጋል። ሁለተኛው የበለጠ አሳሳቢ ነው፦ ቀለሞቹ የሚይዙት ዲኤንኤን ብቻ አይደለም፤ በጠርሙሱ ውስጥ ሲቆዩም ይዘቅጣሉ። የዘቀጠው ቅንጣት ጥቁርና ክብ ስለሆነ ትልልቅ ክሮሞሶም ባላቸው እንደ ሽንኩርትና ባቄላ ባሉ ተክሎች ላይ አያሳስትም። እንደ ጤፍ ባለ 40 ጥቃቅን ክሮሞሶሞች ባሉት ተክል ላይ ግን አንድ ቅንጣት 41ኛ ክሮሞሶም ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ቀለሙ በሚሠራበት ዕለት ሁሉ መጣራት አለበት፤ ይህ ልማድ ከየትኛውም የቀለም ዓይነት ለውጥ የበለጠ የቆጠራውን ትክክለኛነት ያሻሽላል።

ዲኤንኤን ብቻ የሚያቀልም፦ ፎይልገን

ሮበርት ፎይልገንና ሃይንሪክ ሮሰንቤክ እ.ኤ.አ. በ1924 በጀርመን ያስተዋወቁት ይህ አሠራር ከቀለምነት ይልቅ ኬሚካዊ ምርመራ መሆኑ ይበልጣል። ሕዋሱ በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ሲታከም አዴኒንና ጓኒን የተባሉት የዲኤንኤ ክፍሎች ይነቀላሉ፤ በቦታቸውም በዲኤንኤው ስኳር ላይ አልዴሃይድ የተባለ ኬሚካዊ ክፍል ይገለጣል። ከዚያ ቀለም አልባ የሆነው የሺፍ ሪኤጀንት ከአልዴሃይዱ ጋር ሲገናኝ ደማቅ ሐምራዊ ቀይ ይሆናል። አርኤንኤ በዚህ መንገድ አልዴሃይድ ስለማይሰጥ ሳይቶፕላዝሙ ጥርት ብሎ ይቀራል፤ ኑክሊዮለስ የተባለው የኑክሊየስ ውስጣዊ አካልም በቀለመው ኑክሊየስ መካከል እንደ ባዶ ቦታ ይታያል። የቀለሙ ጥልቀት ከዲኤንኤው መጠን ጋር ስለሚመጣጠን በብርሃን መለኪያ የአንድ ተክል ወይም ሕዋስ የክሮሞሶም ስብስብ መባዛት አለመባዛቱን ማረጋገጥ ይቻላል፤ ኦርሲንና ካርሚን ይህን ጨርሶ አይሰጡም።

ከእነዚህ ጥቅሞች በተጨማሪ ለእጅ ሥራ የሚሰጠው እገዛ አለ። የባቄላ ወይም የሽንኩርት ሥር ከሺፍ ሪኤጀንት ሲወጣ የመጨረሻዋ ጫፍ ብቻ ጠቁራ ሐምራዊ ሆና ከዚያ በላይ ያለው ክፍል ገርጥቶ ይገኛል። ይህች የጠቆረች ክፍል በመከፋፈል ላይ ያሉ ሕዋሳት የተሰበሰቡባት ናት፤ ኑክሊየሶቿ የተጠጋጉ ስለሆኑ በዓይን እንኳ ትለያለች። ጀማሪ ተማሪ የት መቁረጥ እንዳለበት ቀለሙ ራሱ ያሳየዋል፤ ሌላው ሥር እንዳለ ይጣላል።

ችግሩ ያለው በአሲዱ ጊዜ ላይ ነው። የተለመደው 1 ኖርማል ሃይድሮክሎሪክ አሲድ በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከ8 እስከ 12 ደቂቃ ነው። ጊዜው ሲያጥር አልዴሃይዱ በበቂ ስለማይገለጥ ቀለሙ ይገረጣል፤ ሲረዝም ደግሞ ዲኤንኤው ራሱ እየተቆራረጠ ስለሚወጣ አሁንም ይገረጣል። ሁለት ተቃራኒ ስህተቶች አንድ ዓይነት ገጽታ ስለሚሰጡ በግምት ማረም አይቻልም። በአዲስ ተክል ወይም በአዲስ ፊክሳቲቭ ሲሠራ በ6፣ በ8፣ በ10፣ በ12 እና በ14 ደቂቃ ተለይተው የታከሙ ሥሮችን አስተያይቶ የተሻለውን መያዝ ግድ ነው። ሙቀቱን የሚጠብቅ አስተማማኝ ዋተር ባዝ ለሌለው ወይም መብራት በሚቋረጥበት ቦታ ለሚሠራ ሰው 5 ኖርማል አሲድን በክፍል ሙቀት ለረዘመ ጊዜ፣ እስከ አንድ ሰዓት ገደማ፣ መጠቀም የተሻለ ነው። የደቂቃዎች መዛነፍ በዚህ አሠራር ላይ የሚያደርሰው ጉዳት እጅግ ያነሰ ነው፤ ለአገራችን የማስተማሪያ ላቦራቶሪዎች የምመክረውም ይህንኑ ነው።

የሺፍ ሪኤጀንት ንጹሕ ወይም እንደ ገለባ የፈዘዘ ቢጫ መሆን አለበት፤ ወደ ሮዝ ከተለወጠ ሰልፈር ዳይኦክሳይዱ ስለወጣ መጣል ይገባዋል። ጥራቱን ለማረጋገጥ ጥቂት ጠብታ ወደ ፎርማሊን ቢጨመር ወዲያው ሐምራዊ ቀይ መሆን አለበት፤ ቀለሙ ዘግይቶ ከመጣ ኃይሉ ደክሟል። በጠቆረ ጠርሙስ፣ አፉ በደንብ ተከድኖ፣ በማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጣል። ከእያንዳንዱ ዙር ጋር አሲድ ያልነካው አንድ ስላይድ አብሮ መሠራት አለበት፤ ያ ስላይድ ከቀለመ ቀለሙ የመጣው ከዲኤንኤ አይደለም ማለት ነው። ግሉታራልዴሃይድ ባለበት ፊክሳቲቭ የቆመ ሕዋስ የራሱ አልዴሃይድ ስላለው ለዚህ አሠራር አይሆንም።

ክሮሞሶሞቹ ትንንሽ ሲሆኑ የፎይልገን ቀለም ብቻውን ሊሳሳ ይችላል። በዚህ ጊዜ የቀለመውን ጫፍ በአንድ ጠብታ አሴቶ ካርሚን ውስጥ መጨፍለቅ የቆየና ውጤታማ ልማድ ነው፤ ሆኖም ካርሚን ከገባ በኋላ ስላይዱ ለቆጠራ እንጂ ለዲኤንኤ ልኬት አያገለግልም። ሐምራዊ ቀይ ቀለም አረንጓዴ ብርሃንን ስለሚይዝ በማይክሮስኮፑ መብራት ላይ አረንጓዴ ፊልተር ማድረግ ያለ ምንም ተጨማሪ ወጪ ንጽረቱን ያጎላዋል፤ በብዙ ማይክሮስኮፖች ውስጥ ይህ ፊልተር ሳጥኑ ውስጥ ሳይነካ ተቀምጦ ይገኛል።

አንዱን ከአንዱ ለመለየት፦ ጊምሳ

ጉስታቭ ጊምሳ በሃምቡርግ እ.ኤ.አ. በ1904 ያሳወቀው የሜቲሊን ብሉ፣ የአዙርና የኢኦሲን ድብልቅ በመጀመሪያ የታሰበው ለወባ ተህዋስ ነበር። በኢትዮጵያ የጤና ተቋማት የደም ፊልም የሚያነቡ ባለሙያዎች ዛሬም በየቀኑ ይጠቀሙበታል፤ ስለዚህ ለክሮሞሶም ሥራ ከሚያስፈልጉ ቀለሞች ሁሉ በቀላሉ የሚገኘው እርሱ ነው። ከወባ ምርመራ ወደ ክሮሞሶም የሚሸጋገር ባለሙያ ግን የበፈሩን (ቀለሙ የሚበጠበጥበትን ፈሳሽ) ፒኤች፣ ማለትም የአሲድነት ልኩን፣ መቀየር አለበት። ለወባ 7.2 የሚመረጥ ሲሆን ለክሮሞሶም የተለመደው 6.8 ነው።

ጊምሳ ያለ ቅድመ ሕክምና ሲደረግ ክሮሞሶሙን አንድ ወጥ ያደርገዋል። ለቁጥር ይህ ይበቃል፤ አንድ ክሮሞሶም ተርፎ 47 መሆኑንም ያሳያል። የጊምሳ እውነተኛ ኃይል የታየው ግን ማሪና ሲብራይት እ.ኤ.አ. በ1971 ስላይዱን ከማቅለም በፊት ትሪፕሲን በተባለው ኢንዛይም ለአጭር ጊዜ ማከም በቂ መሆኑን ካሳየች በኋላ ነው። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ የሰው ክሮሞሶም የራሱ የሆነ የጠቆሩና የነጡ መስመሮች ረድፍ፣ ማለትም ጂ ባንድ፣ ይዞ ይወጣል። በተለመደ ዝግጅት ከ400 እስከ 550 የሚደርሱ መስመሮች በአንድ ስብስብ ውስጥ ይለያሉ። ዳውን ሲንድሮም ያለበት ሕፃን 21ኛው ክሮሞሶም ራሱን ችሎ ሦስተኛ ሆኖ መጥቶ ይሁን ወይስ ከ14ኛው ጋር ተጣብቆ የመጣ መሆኑን መለየት ለወላጆቹ ቀጣይ እርግዝና ምክር ለመስጠት ወሳኝ ነው፤ ቤተሰብን በሚነካ ጥያቄ ላይ ከባንድ በታች በሆነ አሠራር መርካት አይገባም።

የትሪፕሲኑ ጊዜ በሰከንዶች የሚለካ ነው፤ እንደ ስላይዱ ዕድሜ፣ እንደ ክፍሉ ሙቀትና እንደ ኢንዛይሙ ብርታት ይለዋወጣል። ልምድ ያለው ባለሙያ ከአንድ ታካሚ ናሙና አንድ ስላይድ ብቻ ለሙከራ መሥዋዕት አድርጎ ይጀምራል። ክሮሞሶሞቹ ጠቁረው መስመር አልባ ከሆኑ ቀጣዩ ስላይድ ጥቂት ሰከንድ ይጨመርለታል፤ አብጠው፣ ጠርዛቸው ተቆራርሶና መሐላቸው ነጥቶ ከመጡ ደግሞ ይቀነስለታል። ያነሰውን ማስተካከል ይቻላል፤ የበዛውን ግን መመለስ ስለማይቻል ሁልጊዜ ከአጭሩ ወገን መጀመር ይሻላል። የተበጠበጠው ጊምሳም ወዲያው ሥራ ላይ መዋል አለበት፤ ሲቆይ በላዩ ላይ የብረት ዓይነት አንጸባራቂ ስስ ሽፋን ይፈጠራል፤ ስላይዱ በዚያ ሽፋን መካከል ተጎትቶ ከወጣ ቅንጣቱ ክሮሞሶሙ ላይ ይቀራል። መጀመሪያ ሽፋኑን በውኃ አጥቦ ማስወገድ፣ ከዚያ ስላይዱን ማውጣት ነው። ጊምሳ በማይገኝበት ጊዜ ላይሽማን ወይም ራይት የተባሉት ቀለሞች ተመሳሳይ መስመሮችን ያወጣሉ፤ የማቅለሚያው ጊዜ ግን እንደገና መፈተሽ አለበት።

የዕፀዋት ተመራማሪዎች እዚህ ላይ ሊጠነቀቁ ይገባል። የዕፀዋት ክሮሞሶም በሜታፌዝ ጊዜ፣ ማለትም ክሮሞሶሞች በሕዋሱ መሐል በሚሰለፉበት የክፍፍል ደረጃ፣ እጅግ የታመቀ በመሆኑ ጂ ባንድ በሰው ላይ እንደሚወጣው አይወጣም፤ በዚህ ላይ ወራት ማጥፋት አያስፈልግም። ለዕፀዋት የሚሠራው ሲ ባንድ ነው። ስላይዱ በባሪየም ሃይድሮክሳይድ ይታከማል፤ በ60 ዲግሪ ሙቅ የጨው መፍትሔ ውስጥ ይቆያል፤ በመጨረሻ በጊምሳ ይቀለማል። ቀለሙን የሚይዘው ሄትሮክሮማቲን የተባለው ጥቅጥቅ ያለ ክፍል ብቻ ነው። ራይ የተባለው የስንዴ ዘመድ የሆነ እህል በክሮሞሶሞቹ ጫፎች ላይ ወፍራም ሄትሮክሮማቲን ስላለው ከስንዴ ጋር ሲዳቀል የእርሱ ክሮሞሶሞች በስንዴው መካከል ጠቁረው ይለያሉ፤ ለአዳቃዮች ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። በሰው ላይ ሲ ባንድ የሚያገለግለው በ1ኛው፣ በ9ኛው፣ በ16ኛውና በዋይ ክሮሞሶም ላይ ያለውን የመጠን ልዩነት ለማየት ነው፤ ሁሉንም ክሮሞሶም ለመለየት ግን አይበቃም።

አብሪ ቀለሞች

የባንድ ዘመን የተጀመረው በስቶክሆልም ቶርብዮርን ካስፐርሰን፣ ሎሬ ዜክና ባልደረቦቻቸው በ1970 እ.ኤ.አ. አካባቢ በኪናክሪን በሠሩት ሥራ ነው። ኪናክሪን የዋይ ክሮሞሶምን ረጅም ክንድ ጫፍ ከሁሉም በላይ ያበራዋል፤ ነገር ግን ብርሃኑ እየታየ ስለሚደበዝዝና ስላይዱ ስለማይቆይ ዛሬ ለአዲስ ላቦራቶሪ የምመርጠው ቀለም አይደለም።

ዳፒ ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 በኦቶ ዳን ላቦራቶሪ ለእንቅልፍ በሽታ መድኃኒት ሲፈለግ የተሠራው ይህ ውሕድ አዴኒንና ታይሚን በሚበዙበት የዲኤንኤ ክፍል ላይ ተጣብቆ በ358 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ብርሃን ይቀበልና በ461 ናኖሜትር አካባቢ ሰማያዊ ብርሃን ይሰጣል። ጥቃቅን ክሮሞሶሞች በጥቁር ዳራ ላይ ስለሚያበሩ ለጤፍና ለመሰል ተክሎች በተለመደው ብርሃን ከሚታይ ከየትኛውም አሠራር የተሻለ ንጽረት ይሰጣል፤ ሥራውም የደቂቃዎች ነው። ፊሽ በተባለው፣ የተመረጠን የዲኤንኤ ክፍል በአብሪ ምልክት በሚያሳየው ምርመራ ጊዜ ዳራውን የሚያሳየው ቀለም ዳፒ የሆነበት ምክንያትም ሰማያዊ ስለሆነ አረንጓዴና ቀይ ምልክቶች ሳይደበቁ እንዲታዩ ነው። ጓኒንና ሳይቶሲን የሚበዙበትን ክፍል ለማየት ለሚፈልግ ክሮሞማይሲን ኤ3 የዳፒን ተቃራኒ ይሰጣል፤ ሁለቱን በአንድ ስላይድ ላይ ማጣመር እንደ ብርቱካንና ሎሚ ባሉ ክሮሞሶሞቻቸው ተመሳሳይ በሆኑ ተክሎች ላይ ጥሩ መለያ ሆኗል። ሄክስት 33342 በሕይወት ያለን ሕዋስ ሽፋን አልፎ ስለሚገባ ሕያው ሕዋስ ለሚከታተል ይመረጣል። ፕሮፒዲየም አዮዳይድ ቀይ ብርሃን ይሰጣል፤ ነገር ግን አርኤንኤንም ስለሚያቀልም አስቀድሞ በአርኤንኤዝ ካልተጸዳ ሳይቶፕላዝሙ አብሮ ያበራል።

የእነዚህ ሁሉ ዋጋ ያለው ከቀለሙ ይልቅ በመሣሪያው ላይ ነው። አብሪ ቀለሞችን የሚያሳየው የፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ የሌለው ክፍል ዳፒ መግዛቱ ትርፍ የለውም። ማይክሮስኮፑ የሜርኩሪ አምፖል ያለው ከሆነ ደግሞ አምፖሉ ሲጠፋ ሳይቀዘቅዝ እንደገና መለኮስ ስለሌለበት መብራት በተቋረጠ ቁጥር ግማሽ ሰዓት ገደማ ይጠፋል፤ አምፖሉም ጥቂት መቶ ሰዓታት ብቻ ይሠራል። አዲስ የሚገዛ ክፍል በ365 ናኖሜትር የሚያበራ ኤልኢዲ ቢመርጥ ከዚህ ሁሉ ያርፋል። የትኛውም መብራት ቢሆን የቀለሙን መደብዘዝ የሚከላከል ፈሳሽ በስላይዱ ላይ ካልተጨመረ ጥሩው ሕዋስ ፎቶ ሳይነሳ ይጠፋል።

ብር ናይትሬት ለአንድ ውሱን ጥያቄ ብቻ ያገለግላል፦ ኑክሊዮለስን የሚያደራጀው ክፍል የት አለ? በሰው ላይ 13ኛ፣ 14ኛ፣ 15ኛ፣ 21ኛና 22ኛ ክሮሞሶሞች ላይ ጥቁር ነጥብ ያወጣል። የሚያቀልመው ግን በቀደመው ጊዜ በሥራ ላይ የነበረውን ክፍል ብቻ ስለሆነ ነጥብ አለመታየቱ ክፍሉ የለም ማለት አይደለም።

ተጨባጭ ምርጫዎች

ለማስተማሪያ ባቄላን ከሽንኩርት አስበልጣለሁ፤ 12 ክሮሞሶም ብቻ ስላለው ተማሪው ቆጥሮ ይጨርሳል፤ አንዱ ጥንድም ከሌሎቹ በግልጽ ረዝሞ መሐሉ ላይ የተቆነጠጠና ትንሽ ቁራጭ የተንጠለጠለበት ስለሆነ በኦርሲን ብቻ እንኳ ይለያል። አረቢካ ቡናን ከሮቡስታ ጋር የሚያዳቅል ተመራማሪ ጥያቄው ቁጥር ነው፦ አረቢካ 44፣ ሮቡስታ 22፣ የመጀመሪያው ትውልድ ድቅል 33። ለዚህ ባንድ አያስፈልግም፤ ፎይልገን ወይም ፎይልገንን ተከትሎ ካርሚን ይበቃል፤ ድቅሉ በሜዮሲስ ጊዜ ተጣማሪ ያጡ ክሮሞሶሞቹን እንዴት እንደሚያደርግ ለማየት ደግሞ ብረት የገባበት ካርሚን ይመረጣል። ጤፍ ላይ የሚሠራ ሰው ዳፒ ካገኘ በዳፒ፣ ካላገኘ በፎይልገንና በካርሚን ጥምረት ይሥራ፤ ኦርሲን ብቻውን ለጤፍ አደራ አይጣልበትም። የሰው ደም ለምርመራ የሚቀበል ላቦራቶሪ በጊምሳ ጂ ባንድ ይጀምራል፤ ፊሽ የሚጨመረው ባንዱ ያላሳየውን ጥቃቅን ለውጥ ለመፈለግ ነው።

አንድ ስላይድ ከአንድ በላይ ጥያቄ እንዲመልስ ሲፈለግ ቅደም ተከተሉ ይወስናል። ስላይዱን የማይጎዳው ይቀድማል፤ ስለዚህ አብሪ ቀለም መጀመሪያ ይደረግና ፎቶ ይነሳል፣ ከታጠበ በኋላ ጂ ባንድ ይሠራል፣ ክሮሞሶሙን በብርቱ የሚያጠቃው ሲ ባንድ ደግሞ መጨረሻ ይሆናል። የእያንዳንዱ ሕዋስ አድራሻ ከማይክሮስኮፑ መለኪያ ላይ ካልተመዘገበ ያንኑ ሕዋስ እንደገና ማግኘት እጅግ አድካሚ ነው።

ሲገዛ ስሙን ብቻ ሳይሆን የቀለም ማውጫ (Colour Index) ቁጥሩን ማየት ያስፈልጋል። ካርሚን 75470፣ ቤዚክ ፉክሲን 42510፣ ፓራሮዛኒሊን 42500 ነው። በተለይ ለሺፍ ሪኤጀንት የሚያስፈልገው ቤዚክ ፉክሲን እንጂ አሲድ ፉክሲን አይደለም፤ በስማቸው መቀራረብ ምክንያት አንዱ በሌላው ቦታ ከታዘዘ ሪኤጀንቱ አይሠራም። ኦርሲን ከፋብሪካ ፋብሪካ፣ ከምርት ምርት ይለያያል፤ ስለዚህ በብዛት ከመግዛት በፊት ትንሽ ጠርሙስ በሽንኩርት ሥር ላይ ፈትኖ የምርት ቁጥሩን መያዝ ይበጃል። ከዲኤንኤ ጋር የሚጣበቁት አብሪ ቀለሞችና ቤዚክ ፉክሲን የሠራተኛውንም ዲኤንኤ አይለዩምና በጓንት ብቻ ይያዙ፤ ባሪየም ሃይድሮክሳይድ መርዝ ነው፤ አሴቲክ አሲድና ኮልቺሲን ጭስ መሳቢያ ባለበት ወይም መስኮቱ በተከፈተ ክፍል ይመዘኑ፤ ትርፋቸውም ወደ እጅ መታጠቢያው አይደፋ፤ ስሙ በተጻፈበት ዕቃ ተጠራቅሞ ለአደገኛ ቆሻሻ ክፍል ይሰጥ።